የቀኙ መስኮት

«ትኬቱ ተቆርጧል፤ የምትመጡት በባቡር ነው!»

አክስቴ ናት፣ ከድሬዳዋ። ልጇን ልትድር ስለሆነ እኔና እናቴ ለሠርጉ እንድንደርስ ትኬቱን ራሷ ቆርጣልናለች። እናቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ስለነበር እኩል ሰማን። የኔን ጩኸት ደግሞ መንደሩ በሙሉ ሰማው። ጎረቤታችን በአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለች ደንግጣ።

«ባቡር ልንሳፈር ነው!»

«እና እንዲህ ይጮኻል? እኔ እኮ ሰው የሞተ መስሎኝ!»

አዎ፣ እንዲህ ያስጮኻል። እስከዚያች ቀን ድረስ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ነቀምት ሐዲድ የለም፤ ደምቢ ዶሎ ድረስ ብትሄዱም የለም። ግን አትዘኑልኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ጣቢያዎቹን በእንቅልፍ ልቤ በተራ በተራ ልጠራላችሁ እችላለሁ። የቱ ጋ ነፋሱ እንደሚሞቅ፣ የቱ ጋ ሜዳው ላይ አቧራ እየተሽከረከረ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ያሳፈሩኝ ኦቦ ፈይሳ ናቸው። ዛሬ ነቀምት የሉም፤ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ሌንሴ ጊምቢ ወስዳቸዋለች። ስለዚህ ስለ ባቡሩ ከማውራቴ በፊት ስለ እሳቸው ልጻፍ፤ ያለ እሳቸው ባቡሩ ብረት ብቻ ነው።

ኦቦ ፈይሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ነቀምት አጠገብ ተወልደው፣ በጉርምስናቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው፣ የድሮው ባቡር ላይ ተቀጥረው ጉልበታቸውን እዚያው ጨረሱ። ሥራቸው የጭነት ባቡሩ ጭራ ላይ ባለችው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ኋላውን መጠበቅ ነበር። አንዱ ፉርጎ ቢላቀቅ ወይም እሳት ቢነሳ ፍሬን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የድሮው ባቡር ሲቆም ወደ አገራቸው ተመልሰው ከኛ ቤት ጎን፣ ጨለለቂ ሰፈር ገቡ። ኦሮምኛቸው የወለጋ ነው፤ አማርኛቸው ግን ከነ«አቦ»ው የድሬዳዋ ነው። ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ ይከራከሩና ሲሸነፉ፣ «አቦ ተይኝ በቃ!» ብለው በድሬ አማርኛ ሹልክ ይላሉ።

መንገድ ሲያቋርጡ ማየት ነበረባችሁ። አንዲት ባጃጅ ከሩቅ ከታየች ቆሙ ማለት ነው። ግራ ያያሉ፣ ቀኝ ያያሉ፣ እስክታልፍ ይጠብቃሉ፣ ካለፈች በኋላም ትንሽ ይጨምራሉ።

«ኦቦ፣ አለፈች እኮ!» ስንላቸው፣ «ከኋላዋ ፉርጎ ቢኖርስ?» ይላሉ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይታይ። ሲቀልዱና ሳይቀልዱ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የኛ ባቡር የተጀመረው መንገድ በተዘጋበት ዓመት ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ቆሟል፣ ስልክ አይሠራም፣ ትልልቆቹ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ እኛ ስንገባ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ጊዳ አያና ያሉት ዘመዶቻችን በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አናውቅም። ከበር መውጣት ስለተከለከልን እኔና ጓደኛዬ ቦንቱ፣ ሌሎቹም የሰፈር ልጆች፣ በአጥር ቀዳዳ እየሾለክን ኦቦ ፈይሳ ግቢ ካለው አቮካዶ ሥር እንቀመጥ ነበር። ጨዋታ እንኳን አልነበረንም። አንድ ቀን ከቤት ወጥተው አዩን።

«ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምንም። ተቀምጠናል።»

«የት ለመሄድ?»

«ኦቦ፣ መንገድ እኮ ተዘግቷል» አለች ቦንቱ።

«ታዲያ መቀመጣችሁ ካልቀረ እየሄዳችሁ ተቀመጡ!»

ወደ ቤት ተመልሰው በርጩማ ማውጣት ጀመሩ። በርጩማው ሲያልቅ ሣጥን፣ ሣጥኑ ሲያልቅ የተገለበጠ ባልዲ። ሁሉንም በሁለት መስመር ደረደሩት፤ መሐሉ መተላለፊያ ነው። ከአቮካዶው ቅጠል እየቀነጠሱ አንድ አንድ ሰጡን፤ ትኬት ነው። ተመልሰው በየወንበራችን መጡና ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀደድ፣ ቀደድ አደረጉልን፤ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ተቀምጠው ባዶ ቢጫ ጀሪካን በጉልበታቸው መሐል ያዙና በመዳፋቸው መቱት። ዱክ-ዱክ። ዱክ-ዱክ። ዱክ-ዱክ።

«ሐዲድና ሐዲድ የሚገናኝበት ክፍተት ድምፅ ነው» አሉን። «ይሄንን ሰምቶ የማያንቀላፋ የባቡር ሰው ነው።»

ዳገት ሲሆን ጀሪካኑ ያዘግማል፤ ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ የአዋሽ ድልድይ ላይ ድምፁ ይቀየራል፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ይመቱታል፣ እኛም ሳንባል ትንፋሻችንን እንይዛለን። በየመሐሉ አንዳችንን ይጠራሉ።

«ማህሌት! ምን አየሽ?»

«ዛፍ።»

«ዛፍ የሚባል ዛፍ የለም። ምን አየሽ?»

«ግራር።»

«ብቻዋን ናት?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «አይ፣ ጥላዋ ውስጥ ግመል ተኝቷል። ጥላዋ ስላነሰው እግሩ ፀሐይ ላይ ቀርቷል።»

ጀሪካኑ ቆመ። «ይህቺ ልጅ መስኮት አላት!» አሉ ለሁሉም። እናንተ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እኔ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ድርሰት ላይ የማገኘው ማርክ ለእናቴ የሚነገር አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ግን ደብተር ከፍቼ ስለ ግመሉ እግር ጻፍኩ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንበራችን ቋሚ ነበር። ቦንቱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ውሎ አድሮ አንድ ነገር ታዘብኩ። በግራ በኩል ሁልጊዜ ጉድ ነው፤ የፈንታሌ ተራራ፣ የግመል መንጋ፣ ከባቡሩ ጋር እሽቅድድም የገጠመች ሰጎን፣ ጣቢያ ላይ ወተት ይዛ የምትሮጥ ሴት። እያንዳንዷ ሴት ስም አላት፣ ፀባይ አላት። በቀኝ በኩል ግን ተራራ ነው። ትልቅ፣ የሚያምር ተራራ። በቃ።

«የናንተ ወገን አያሳዝንም?» ትለኛለች ቦንቱ። «እኛ ሰጎን አለን።»

አንድ ቀን አዋሽን አልፈን ኦቦ ፈይሳ የጨርጨርን ተራሮች ሲያሳዩን ትከሻው ዝቅ ብሎ እንደገና ስለሚነሳ፣ ጫፉን ደመና ስለሸፈነው፣ ወገቡ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ ደን ስላለበት ተራራ አወሩ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው በአጥሩ በላይ ወደ ሩቅ ያያል። ዓይናቸውን ተከተልኩ።

«ኦቦ! ይሄ ኮምቶ ነው!»

ጀሪካኑ ዝም አለ።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ ጨርጨር አይደለም፣ የኛው ኮምቶ ነው! ይኸው ከአጥሩ ኋላ እያዩት ነው የሚነግሩን!»

«ባቡሩ ነቀምት ገባ!» አለች ቦንቱ፤ ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ኦቦ ፈይሳ ግን አልሳቁም። «ለዛሬ ሞተሩ ተበላሽቷል፣ ውረዱ» አሉ። እኔም ልወርድ ስል፣ «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ቆዪ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ተቆጡ ብዬ በርጩማዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«የኔ ፉርጎ ሁለት በር ነበራት» ብለው ጀመሩ። «በስተደቡብ ያለው እኔ ሳልቀጠር በፊት ተበይዷል፤ ሰው ወድቆ ነው አሉ። የሚከፈተው የሰሜኑ ብቻ ነው። እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ሜዳውን አያለሁ። ተራራው በሙሉ ከጀርባዬ ነው።»

«ሲመለሱስ? ሲመለሱ ይገለበጣል እኮ» አልኩ።

«ባቡር እንደ መኪና አይዞርም። ሞተሩን ፈተው ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዱታል፣ የኔን ፉርጎ ወደ ጭራው ይጎትቷታል፤ ግን ማንም አያዞራትም። የፉርጎዬ በር ሲሄድም ሲመለስም የሚያየው ያንኑ ሜዳ ነው።»

«በመንገደኛ ባቡር ሄደው አያውቁም?»

«አንዴ ሄጃለሁ። የእረፍት ትኬት ሰጡኝ፤ ለምኜ የተራራውን መስኮት አገኘሁ።»

«እና?»

«ተኛሁ።»

«እ?»

«አቦ ተኛሁ! ከሥራ ነበር የወጣሁት። አዋሽን ማለፋችን ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት 'ሰውዬ፣ ድሬ ደርሰናል፣ ውረድ' የሚል ነው።»

እኔ ከበርጩማው ወደቅሁ። እሳቸውም መጨረሻ ላይ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«በግራ የምነግራችሁን ሁሉ አይቼዋለሁ። የቀኙን አላየሁትም። ባዶ ልተወው ስል እናንተ የቀኝ ልጆች አሳዘናችሁኝ። አንድ ቀን ከሄድሽ አምጪልኝ። ያየሽውን ብቻ። ሂን ሶቢን፣ አትዋሺ። የውሸት ተራራ መሥራት እኔም አላቃተኝም።»

«ቶሌ» አልኳቸው፣ እሺ ብዬ።

መንገዱ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት ገባን፣ እኛም አደግን። የሳቸው ዓይን ግን በየዓመቱ እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረላቸው። ሌንሴ ልትወስዳቸው የመጣች ቀን መኪናው በር ላይ እጄን ያዙ። «ዓይኔ ሄዷል፤ ጆሮዬ ግን ሙሉ ነው። ቸኩዪ አልልሽም» አሉኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አስደረጉና፣ «ግን ቸኩዪ» አሉ።

አሁን ለምን እንደጮህኩ ገባችሁ?

ከነቀምት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ገባን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከከተማው ዳር ያለው አዲሱ ጣቢያ ደረስን። ፉርጎው ውስጥ ገባን፣ ወንበራችንን ፈለግን፣ አገኘን። በግራ በኩል!

ማልቀስ አማረኝ። ባቡሩ ተነሳ። ዱክ-ዱክ የለውም! አዲሱ ሐዲድ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፤ እኔ ራሴ ጭኔን በእጄ እየመታሁ ሄድኩ። አዋሽ ስንቃረብ ግን አልቻልኩም። በቀኝ መስኮት በኩል የተቀመጡትን ሴትዮ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቦታ ሊቀይሩልኝ ይችላሉ?» አልኳቸው። ሚኤሶ የሚወርዱ ነጋዴ ናቸው።

«ይሄንን? ፀሐይ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ! ነይ፣ ውሰጂው፣ እኔ ግንባሬ ተቃጥሏል!»

ለካ ቀኝ በኩል ፀሐይ ስለሚመታ ሰዉ በሙሉ መጋረጃውን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ተራራው እዚያ ቆሟል፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ሳብ አድርጌ ከፈትኩት።

«ዝጊው እንጂ፣ እህት!» አሉ ከኋላዬ ያሉ ወፍራም ሰውዬ።

«ማህሌት፣ አታሳፍሪኝ» አለች እናቴ ከግራ።

ተነስቼ ቆምኩ። ከማላውቀው ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አባቶች፣ እናቶች፣ አንድ አደራ አለብኝ» ብዬ ስለተበየደው በር ነገርኳቸው። ስለ ኦቦ ፈይሳ መተኛትም ሳልደብቅ ነገርኩ። ሳቁ። ሰውዬው ግን ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፤

«እሺ፣ ይከፈት። ግን ያየሽውን ጮክ ብለሽ ንገሪን፤ በነፃ አንቀቀልም!»

እንዲህ ሆኖ አንድ ፉርጎ ሙሉ ሰው ጆሮውን ሰጥቶኝ፣ እኔ እያየሁ እየተናገርኩ፣ እየተናገርኩ እየጻፍኩ ሄድን። ተራራው መጀመሪያ ተራራ አይመስልም፤ ሰማዩ ሥር የተሰመረ ሰማያዊ መስመር ነው። ከዚያ መስመሩ ይተጣጠፋል። አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሰልፈኛ ይመስላል። የቅርቦቹ ቁጥቋጦዎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ የሩቆቹ ተራሮች ግን ከኛ ጋር ይጓዛሉ፣ አይቀደሙም። በደረቀ ወንዝ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ በጣሳ ይቀዳሉ፤ አንዷ ቀና ብላ ጣሳዋን አነሳችልን። ሐዲዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተደርድረው እንደ ሽማግሌ ይመለከቱናል። ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰው ይኖርበታል ብላችሁ የማታስቡት ቦታ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራ ፀሐይ ሲመታው ብልጭ አለ፤ ከዚያ እስከ ሥሩ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ አንድ አህያ ብቻውን ይወርዳል።

«አህያው ደረሰ?» አሉ ሰውዬው።

«አላየሁም፣ ኮረብታ ጋረደው።»

«አይ!» አሉ ከልባቸው አዝነው።

ሚኤሶ ላይ ነጋዴዋ ሴትዮ ግንባሬን ስመውኝ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ቃሌ ቃል ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ፀሐዩ ሞቀ፣ ባቡሩ ተንሸራተተ፣ እስክሪብቶዬ ተንሸራተተ። እናቴ ስትቀሰቅሰኝ ኤረር ጣቢያን አልፈናል። ዞር ብዬ ሰውዬውን አየኋቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ጠቅላላ ፉርጎው ተኝቷል።

ከሠርጉ በኋላ ነቀምት ተመልሼ ጽሑፉን በንጹህ ገለበጥኩ። መሐሉ ላይ፣ ከሚኤሶ እስከ ኤረር፣ ክፍት ሆኖ ታየኝ፤ እንደ ወለቀ ጥርስ። ሙሉ አድርጌ ልሰጣቸው ፈለግሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቆንጆ ገጽ ጨመርኩበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድዴሳን ተሻግሬ ጊምቢ ሄድኩ። ኦቦ ፈይሳ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ከማለቴ፣ «አመጣሽው?» አሉ። ለሰላምታው እንኳን መልስ አልሰጡኝም! ሌንሴን ጠርተው ጀሪካን አስመጡ። ያው ቢጫው ነው፤ ከነቀምት ይዘውት ሄደዋል።

«አንብቢ።»

አነበብኩ። ዱክ-ዱክ። ዱክ-ዱክ። ስቸኩል ጀሪካኑ ይዘገያል፣ እኔም እዘገያለሁ። ሴትየዋ ጣሳዋን ስታነሳ እሳቸውም ሳያውቁት እጃቸውን አነሱ። አህያው ጋ ስደርስ፣ «ደረሰ?» አሉ። «ኮረብታ ጋረደው» ስላቸው፣ «አይ!» አሉ፤ ልክ እንደ ሰውዬው። ሚኤሶ ደረስን። ገጹን ገለጥኩ። ጫፉን ደመና ስለሸፈነው፣ እስከ ወገቡ ደን ስለለበሰ ግርማ ሞገሳም ተራራ ማንበብ ጀመርኩ።

ጀሪካኑ ቆመ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ኮምቶ ነው።»

ፊቴ ጋለ። «እንዴት አወቁ?»

«እስካሁን ያሳየሽኝ ላይ ሁሉ ሰው አለ። ጣሳ አለ፣ አህያ አለ፣ ቆርቆሮ አለ። እዚህኛው ላይ ማንም የለም፤ ደመና ብቻ ነው። እኔም ያላየሁትን ሳወራ ደመና አበዛ ነበር።» ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ተኛሁ።»

«እ?»

«አቦ፣ ተኛሁ!»

ሌንሴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ አባቷ ምን እንደሆኑ ገርሟት። ጀሪካኑን አቅፈው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። «አንቺ አይደለሽም» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ቦታው ነው። ያ ቦታ ሰው ያስተኛል!» ገጹን ቀድጄ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ያለውን ሁለቴ አስነበቡኝ። ሁለተኛው ሲያልቅ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ከጀርባዬ ነበር፤ ዛሬ ዞረልኝ» አሉ።

ለካ ጊምቢም ባቡር አለ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆች በርጩማቸውን ተሸክመው መጡ። ኦቦ ፈይሳ አዲሱን ደንብ ነገሯቸው፤ ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ቀኝ የተቀመጠ ያያል፣ ከሚኤሶ እስከ ኤረር ግን ቀኝ የተቀመጠ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ውሸት አይሞላበትም። አይቶ የመጣ ሰው እስኪነግረን ድረስ ይጠበቃል።

ስለዚህ አንባቢዎች፣ ጉዳዩ የናንተ ነው። ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ ካላችሁ ቀኙን መስኮት ለምኑ፤ ፀሐዩን ሽሽት በደስታ ይለቁላችኋል። መጋረጃውን ክፈቱ። ሚኤሶን ስታልፉ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጎናችሁ ያለውን ሰው ቆንጥጠኝ በሉት፣ ብቻ እንዳትተኙ። ያያችሁትን ይዛችሁ ጊምቢ ኑ። በርጩማ አይጠፋም፤ ትኬቱም የአቮካዶ ቅጠል ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እየጠበቋችሁ ነው።